ማቆሚያ ቁጥር 4

«እስቲ ይዳስሱት» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ከገደሉ ላይ በመዶሻ ያስለቀቁትን ጠጠር በመዳፋቸው ይዘው። «ጠርዙ ሙልጭ ብሏል። ይህ ወንዝ ያንከባለለው ነው።»

የካርታ ሥራ ክፍሉ ኃላፊ ጠጠሩን ተቀበሉ። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ትንሽ አጉሊ መነጽር ወደ ዓይናቸው፣ ጠጠሩን ወደ መነጽሩ አስጠጉ። ብዙ ቆዩ። «ሙልጭ ያለ አይደለም፤ ፀሐይና ዝናብ የበላው ነው። የተሰበረውን ፊቱን ይመልከቱ፤ ተፈጭቷል» ብለው መለሱላቸው። ፕሮፌሰሩ ዳግመኛ ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት።

እንዲህ 40 ደቂቃ ሄደ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ሞተር አስነሥቶ ሁለት ጊዜ አጠፋ። እኔ ከመኪናው ጥላ ሥር ቆሜ፣ በማስታወሻ ደብተሬ ገጽ ራስጌ ላይ «ማቆሚያ ቁጥር 4» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ የምጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር አጥቼ ነበር።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው የጠጠር ጠብ ነው። መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ገደል አለ። ከሥሩ በሙቀትና በግፊት የተጠማዘዘ ያረጀ ድንጋይ ይታያል፤ ከላዩ አግድም የተነጠፈ፣ በዕድሜ ከሥረኛው በጣም የሚያንስ አሸዋማ ድንጋይ። በሁለቱ መካከል ከጉልበት የማይዘልቅ፣ ጠጠር የበዛበት ንብብር ይሄዳል። ጠጠሩ ወንዝ ያለሰለሰው ከሆነ፣ የታችኛው ድንጋይ ተሸርሽሮ ሜዳ ከሆነ በኋላ የላይኛው መጥቶ ተነጥፎበታል፤ በመካከል ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ምንም ሳይመዘገብባቸው አልፈዋል ማለት ነው። ጠጠሩ ሹል ስባሪ ከሆነ ግን መሬት ተሰብሮ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ሲንሸራተት የፈጨው ነው። የመጀመሪያው የዝምታ ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው የመናወጥ። ፕሮፌሰሩ ስለ መጀመሪያው ከ20 ዓመት በፊት ጽፈው አሳትመዋል። ኃላፊው ደግሞ በአገሪቱ ካርታ ላይ በዚያው ቦታ ወፍራም ጥቁር መስመር አስምረዋል፤ በካርታ ቋንቋ ስብራት ነው ማለታቸው ነው። ሁለቱ በአንድ ሙያ፣ በአንድ አገር እየኖሩ በዚህ ገደል ፊት አብረው ቆመው አያውቁም ነበር።

ያን ቀን አብረው ያስቆማቸው ሳይንስ አልነበረም። አንድ ዓለም አቀፍ የሥነ ምድር ጉባኤ በአገራችን እንዲደረግ ማመልከቻ እያዘጋጀን ነበር፤ እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ማመልከቻው እንግዶቹ የሚጎበኟቸውን የመስክ ቦታዎች ዝርዝር ይጠይቃል። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ፣ ያለ አንዳቸው ማመልከቻው የማይሞላ፣ ከሁለት ተቋማት የተወከሉ አባላት ነበሩ።

ሥራውን ስጀምር ጉባኤ የሚመጣው በአዳራሽና በሆቴል ይመስለኝ ነበር። ስንት ወንበር አለ? ከአየር ማረፊያው ምን ያህል ይርቃል? አስተርጓሚ ይገኛል? እነዚህ በእርግጥ ይጠየቃሉ፤ መልሳቸው ግን ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ያለው ከተማ ሞልቷል። የሥነ ምድር ሰው ግን አዳራሽ ለማየት ውቅያኖስ አያቋርጥም፤ የሚመጣው ቤተ ሙከራውን ተሸክሞ ሊወስደው ስለማይችል ነው። ሐኪም ታካሚውን በፎቶግራፍ፣ ኬሚስት ንጥረ ነገሩን በጠርሙስ ይዞ መሄድ ይችላል። ገደል ግን አይጓዝም። ስለዚህ የጉባኤው ልብ ያለው ከአዳራሹ ውጭ፣ አውቶቡሱ በሚቆምባቸው ቦታዎች ነው። በየማቆሚያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ወጥቶ «እዚህ የምታዩት ይህ ነው» ብሎ መናገር አለበት።

ማን ይናገር? ምን ይበል? ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማመልከቻው በተጓተተባቸው ወራት የዚህን ሙያ ጉባኤዎች ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለመግቢያው ገጽ አንድ አንቀጽ ፍለጋ ነበር፤ በኋላ ግን ከማመልከቻው የበለጠ ያዘኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዘርፉ ትልቁ የሆነው ዓለም አቀፍ የጂኦሎጂ ጉባኤ መነሻው በ1876 ቡፋሎ ከተማ በተካሄደ የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጄምስ ሆል ነበር፤ ጸሐፊው ስቴሪ ሃንት። በጸሐፊነቴ የሃንትን ስም ሳይ ወንድሜን ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ፤ ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ስንት መልስ ያልመጣለት ደብዳቤ እንደነበረው መገመት አያቅተኝምና። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ የመጀመሪያው ጉባኤ ፓሪስ ላይ ተከፈተ። ሐሳቡ ከአንድ አህጉር፣ አዳራሹ ከሌላ አህጉር።

ያስቸገራቸው ነገር ቀላል ይመስላል፤ የቀለም ጉዳይ ነበር። የየአገሩ የጂኦሎጂ ካርታ የየራሱ ቀለምና የየራሱ የዘመን ስም ነበረው። ድንጋዩ ድንበር ተሻግሮ ሲሄድ ካርታው ድንበሩ ላይ ቋንቋ ይቀይራል። በ1881 ሁለተኛው ጉባኤ በቦሎኛ ሲደረግ የአውሮፓን የጂኦሎጂ ካርታ በጋራ ለመሥራት ተስማሙ፤ ቀለሙንም ተከፋፈሉ። ለጁራሲክ ሰማያዊ፣ ለክሪቴሸስ አረንጓዴ፣ ለትራያሲክ ወይን ጠጅ። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ የሚያየው የዘመናት ሰንጠረዥ እነዚያኑ ቀለማት ይዞ ይገኛል።

እኔን የሳበኝ ግን ቀለሙ ሳይሆን ጋባዡ ነው። ኢጣልያ እንደ አንድ መንግሥት ከቆመች ገና 20 ዓመቷ ነበር። ጉባኤውን ቦሎኛ ላይ ያደራጀው ጆቫኒ ካፔሊኒ የዚያው ከተማ ፕሮፌሰር ነው፤ ከጎኑ የቆመው ኩዊንቲኖ ሴላ ደግሞ የማዕድን ሊቅ፣ ተራራ ወጪ፣ የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትር። የውጭ እንግዶች በመጡበት በዚያው ሰሞን የኢጣልያ ጂኦሎጂስቶች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ዓለምን ሲጋብዙ ማኅበር አልነበራቸውም፤ ዓለም ሲሄድ ማኅበር ነበራቸው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ወደ ማመልከቻችን ስመለስ፣ የአገራችን አራት ተቋማት በአንድ ገጽ ላይ በምን ቅደም ተከተል ይፈርሙ በሚለው ጉዳይ ላይ የተላላክናቸውን 31 የኢሜይል መልእክቶች ቆጠርኩ።

ስለ ፊርማው ትንሽ ላውራ። አገራዊው የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም «ካርታው የእኛ ነው፣ ቅድሚያ ለእኛ» አለ። ዩኒቨርሲቲው «ሳይንሱን የሚያቀርቡት የእኛ መምህራን ናቸው» አለ። የሙያ ማኅበሩ «ጉባኤ የሚጠራው ማኅበር ነው፣ ደንቡም እንዲሁ ይላል» አለ፤ እውነቱን ነበር። ገንዘብ ያዋጡት የማዕድን ኩባንያዎች ምንም አላሉም፤ ዓርማቸው የሚወጣበትን ስፋት ብቻ በሴንቲ ሜትር ጠየቁ። አንዱ አባል ችግሩን ያበርድልን መስሎት በሽፋን ደብዳቤው መግቢያ ላይ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት አስገባ። አወጣሁት። ገና አንበሳው ሳይመጣ ድሩ እርስ በርሱ ተተብትቧል። በመጨረሻ የፈረሙት በክብ ነው፤ አራት ፊርማ በአንድ ማኅተም ዙሪያ፣ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው። ብልሃቱ የታይፒስቷ ነበር፤ ስሟ በየትኛውም ገጽ ላይ አልተጻፈም፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ወደ ንባቡ ልመለስ። ሜክሲኮ በ1906 ጉባኤውን ስታስተናግድ የጂኦሎጂ ተቋሟን ሕንፃ በዚያው ወር መርቃ ከፈተች፤ ሕንፃው ዛሬም የብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ሙዚየም ነው። እንግዶቹ እሳተ ገሞራዎቹን አይተው ሄዱ፤ ሕንፃው ቀረ። ስቶክሆልም በ1910 የዓለምን የብረት ማዕድን ክምችት፣ ቶሮንቶ በ1913 የዓለምን የድንጋይ ከሰል ክምችት አስቆጥረው በትላልቅ ጥራዞች አሳተሙ። ፕሪቶሪያ በ1929 የወርቁን ተራ ያዘች። እነዚያን ጥራዞች የሚያደንቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም የሥራውን ግዙፍነት አደንቃለሁ። ነገር ግን ጋባዡ አገር የሚያነሣው ጥያቄ የዘመኑን ረሃብ እንደሚያሳይ አለማየት አይቻልም። በ1910 ስለ ብረት ተጠየቀ፣ በ1913 ስለ ከሰል፤ ከዚያ ጦርነት መጣና እስከ 1922 የብራስልስ ጉባኤ ድረስ የሚጠይቅም የሚመልስም ጠፋ።

የፕሪቶሪያው ጉባኤ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው አልጀርስ በ1952፣ ሦስተኛው ኬፕታውን በ2016። ጋባዡ ማን ነበር ብዬ ስጠይቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያስተክዙኛል። በ1952 አልጄሪያ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ በ1929 ደቡብ አፍሪካም አብላጫው ሕዝብ በገዛ አገሩ ድምፅ አልነበረውም። ድንጋዩ እዚያው ነበር፣ መዶሻ ተሸካሚውም እዚያው ነበር፤ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ግን ሌላ ነው። ከአልጀርስ እስከ ኬፕታውን 64 ዓመት አለ።

ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በብዙ አገሮች እንዳለው ሁሉ የእኛንም ድንጋይ ለረጅም ዘመን ሌሎች ጽፈውታል። መጥተው፣ በከረጢት ሞልተው፣ ሄደው ያሳትማሉ። መንገድ የመራቸው ሰው ስም በምስጋናው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ከሾፌሩ ቀጥሎ ይገኛል፤ አንዳንዴም አይገኝም። ስለዚህ የማመልከቻ ቅጹ «ተሳታፊዎች የድንጋይ ናሙና ይዘው እንዲወጡ ምን ዓይነት ፈቃድ ይሰጣል?» ሲል የጠየቀው አንድ መስመር ኮሚቴያችንን ሙሉ ቀን አዋለው። የካርታ ክፍሉ ኃላፊ በጣም የተናገሩት ያን ቀን ነው። «ይውሰዱ» አሉ። «ነገር ግን የወሰዱትን ግማሽ እዚህ ይተዉ፤ በቁጥር፣ በመደርደሪያ። ነገ የእኛ ልጅ ያው ድንጋይ ሲያስፈልገው ለራሱ ድንጋይ ቪዛ አይጠይቅ።» ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ፤ በእርሳቸው ዘንድ ጭብጨባ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰዓቱን ጭምር መዘገብኩት።

ከጉባኤዎቹ ሁሉ ስለ ፕራግ ያነበብኩት አልለቅ ብሎኛል። 23ኛው ጉባኤ በኦገስት 1968 እዚያ፣ በያኔዋ ቼኮስሎቫኪያ ዋና ከተማ፣ ተከፈተ። ኮሚቴው እንደ እኛው አውቶቡስ ቆጥሮ፣ አልጋ ይዞ፣ የመስክ መመሪያ አሳትሞ ይሆናል። ጉባኤው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ሌሊት በሶቪየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ስምምነት ጦር ታንኮች ከተማዋ ገቡ። ጉባኤው ሳያልቅ ተቋረጠ፤ እንግዶቹ እንደየመንገዳቸው ወጡ። ያን ሁሉ ዓመት የደከመ አደራጅ በዚያ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ምን እንዳለ ማሰብ አልችልም።

ቀጣዩ ጉባኤ በ1972 ሞንትሪያል ላይ ተደረገ። እዚያ አንድ የቆየ ክርክር መቋጫ አገኘ፤ የሲሉሪያን ዘመን አልቆ የዲቮኒያን ዘመን የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚለው። ለብዙ ዓመታት የየአገሩ ሊቃውንት «ድንበሩ በእኛ ገደል ላይ ነው የሚታየው» እያሉ ተሟግተውበታል። የተመረጠው ክሎንክ የሚባል ገደል ሆነ፤ ከዚያም ገደል ንብብር ቁጥር 20። ዓለም በአንድ ስምምነት የዘመን ድንበር የቸነከረበት የመጀመሪያው ገደል ይኸው ነው፤ ባለሙያዎቹም ወርቃማው ችንካር ይሉታል። ክሎንክ የሚገኘው ከፕራግ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በመኪና ብዙም በማያስኬድ ርቀት ላይ ነው። ጉባኤዋ በታንክ በተበተነ በ4 ዓመቱ የዚያች አገር ድንጋይ የዓለም መለኪያ ሆነ። ገደሉ አልተሰደደም፤ ሰዎቹም ሥራቸውን አልተዉም ነበር።

ይህን ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው ሁሉንም ያውቁ ነበር። «ያን ክርክር የፈታው ምን እንደሆነ ግን አንብበሃል?» አሉኝ። ግራፕቶላይት የሚባል ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ቅሪት አዲስ ዝርያ ብቅ የሚልበትን ንብብር መነሻ እናድርግ ብለው ነው። «አየህ፣ ማን ትክክል ነው የሚለውን ትተው፣ በምን እንለካ በሚለው ላይ ተስማሙ» አሉኝ። ይህን ብልሃት ማቆሚያ ቁጥር 4 ላይ ይሠሩበት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ እንጂ አልመለሱልኝም።

የቅርብ ጊዜዎቹን ባጭሩ ልለፍ። በ2008 የኦስሎውን ጉባኤ አምስቱ የኖርዲክ አገሮች በአንድነት ጠሩት፤ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድና አይስላንድ። ይህ በማመልከቻችን ላይ ጎረቤት አገሮችን በመስክ ጉዞ እንድናካትት ያደፋፈረን ምሳሌ ነው፤ ድንጋይ በጉምሩክ አይቆምም። ሕንድ ደግሞ ከባንግላዴሽ፣ ከኔፓልና ከስሪ ላንካ ጋር ሆና ያዘጋጀችው 36ኛው ጉባኤ በማርች 2020 ዴልሂ ላይ ሊከፈት ነበር። የአስተናጋጅነቱን ዕድል ያገኘችው በ2012 ብሪዝበን ላይ ነው። 8 ዓመት ሙሉ ተዘጋጅታ፣ እንግዳው ሻንጣውን በሚሸክፍበት ሰዓት ወረርሽኙ ደረሰ። ጉባኤው ተላልፎ ተላልፎ በማርች 2022 በኮምፒውተር መስኮት ተደረገ። የዚያን ኮሚቴ ጸሐፊ ባገኘው ምንም ሳልናገር አጠገቡ እቀመጥ ነበር። የደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን በ2024 ተሳክቶላታል፤ ቀጣዩ በ2028 በካናዳዋ ካልጋሪ ነው።

8 ዓመት የሚለው ቁጥር ለሌላ ሰው ቁጥር ነው። ለኮሚቴ አባል ግን ጡረታ ማለት ነው። እኛም ጠረጴዛ ዙሪያ ስንቀመጥ ጉባኤው ቢፈቀድልን በሚደረግበት ዓመት ማን እዚህ እንደሚኖር በልባችን ሳንቆጥር አልቀረንም። ፕሮፌሰሩ ጮክ ብለው ቆጠሩት። «እኔ ለመክፈቻው ንግግር አልደርስም፤ ለማቆሚያ ቁጥር 4 ግን በወንበርም ቢሆን ውሰዱኝ» አሉ።

ስለዚያ ማቆሚያ ከኩባንያዎቹ ወገን የመጣ አንድ አባል ምክንያታዊ የሚመስል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። «ለምን አናወጣውም? ሌላ 11 ማቆሚያ አለን፤ ሁሉም የሚያምር፣ ሁሉም የተስማማንበት። እንግዳ ጠርተን ገመናችንን የምናሳየው ለምንድን ነው?» አለ። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄያለሁ፣ አልዋሽም። የማመልከቻው የመጀመሪያ ረቂቅ ሙሉ በሙሉ በዚያ መንፈስ የተጻፈ ነበር፤ «ድንቅ»፣ «ወደር የለሽ»፣ «የዓለም ቅርስ ሊሆን የሚገባው» የሚሉ ቃላት የተነሰነሱበት። የጉብኝት ድርጅት ማስታወቂያ እንጂ የሳይንቲስቶች ግብዣ አይመስልም።

መጀመሪያ የተናገሩት ኃላፊው ናቸው። «የተስማማንበትን ለማየት ማን ይመጣል?» አሉ። ፕሮፌሰሩ ቀጠሉ። «በዓለም ላይ ሰው የሚሰበሰብበት ገደል ሁሉ የተጣሉበት ገደል ነው። ይቺን ካወጣችሁ እኔንም አውጡኝ።» ኃላፊው «እኔንም» አሉ። ሁለቱ ተያዩ፤ ባልተስማሙበት ጉዳይ ላይ መስማማታቸው ለራሳቸውም ገርሟቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያ ያጣሁት ዓረፍተ ነገር ተጀመረ። በቀላሉ «በዚህ ቦታ ሁለት አስተያየቶች አሉ» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ። ፕሮፌሰሩ «አስተያየት አይደለም፤ የኔ ማስረጃ ነው» አሉ። «ሁለት ማስረጃዎች አሉ» ብዬ ለወጥኩት። ኃላፊው «ማስረጃው አንድ ነው፣ ያው ጠጠር ነው፤ ሁለት የሆነው ንባቡ ነው» አሉ። ይህ ትክክል ነበር፤ ፕሮፌሰሩም አመኑ። «አንድ ንብብር፣ ሁለት ንባብ» የሚለው ርእስ እንዲህ ተገኘ። ቀጥሎ የማን ንባብ ይቅደም የሚል መጣ። በፊደል ተራ እንዳይሆን አንዳቸው በ‹ሀ› ይጀምራሉ፤ በዕድሜ እንዳይሆን የልደት ዘመን ክርክር ሌላ ጉባኤ ይፈልጋል። ገጹን ለሁለት ከፈልነው። በግራ ዓምድ ወንዙ፣ በቀኝ ዓምድ ስብራቱ፤ ከሥር አንድ ፎቶግራፍ፣ ለመጠን መለኪያ የኃላፊው መዶሻ ከድንጋዩ አጠገብ ተጋድሞ። ፕሮፌሰሩ መዶሻው የእርሳቸው እንዲሆን ጠይቀው ነበር። ፎቶግራፉ አስቀድሞ ስለተነሣ በዚህ ተሸነፉ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ከ90 ገጹ ማመልከቻ ውስጥ ሳነበው የማላፍርበት ገጽ ግን ያ ነው።

አዘጋጅነቱን አላገኘነውም። ድምፅ የሰጡት ልዑካን ሌላ አገር መረጡ፤ የተመረጠው አገር አዳራሽም፣ ድንጋይም፣ ከእኛ የተሻለ የባቡር መስመርም አለው። ተቀይሜ ነበር፤ አሁንም ስለ አውቶቡሶቹ ብዛት የተሰጠን ነጥብ ትክክል አይመስለኝም። ከገምጋሚዎቹ የመጣው አጭር አስተያየት ግን አንድ መስመር ነበረው፤ ማቆሚያ ቁጥር 4 መቼም ቢሆን ሊጎበኝ የሚገባው ቦታ እንደሆነ ይናገራል። ፕሮፌሰሩ ያቺን መስመር አትመው ለኃላፊው ላኩላቸው። ኃላፊውም አትመው ለፕሮፌሰሩ ልከው ነበር፤ ሁለቱ ፖስታዎች መንገድ ላይ ተላለፉ።

አሁን ሁለተኛውን ማመልከቻ ጀምረናል። ኮሚቴው ያው ነው፣ ፊርማውም በክብ። አዲስ የገባች አንዲት ወጣት የዶክትሬት ተማሪ አለች፤ መመረቂያዋን በዚያው ገደል ላይ ነው የምትሠራው። ባለፈው ወር ከዚያች ከጉልበት ከማትዘልቅ ንብብር የድንጋይ ናሙና በመጋዝ ቆርጣ አመጣች። ግማሹን በቁጥር መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ፣ ግማሹን በመስታወት ላይ አጣብቃ እንደ ወረቀት አሳስታዋለች፤ ብርሃን በድንጋዩ ውስጥ አልፎ በአጉሊ መሣሪያ እንዲታይ። ጠጠሮቹ ወንዝ ያንከባለላቸው ከሆኑ በመካከላቸው ያለው አሸዋ የተጣራ ሆኖ ይታያል፤ ስብራት የፈጫቸው ከሆኑ የደቀቀው ዱቄት እንደ ጅራት ባንድ አቅጣጫ ተጎትቶ ይገኛል።

በስብሰባው መጨረሻ ይህንን ነገረችን። የመጀመሪያዎቹን ቁርጥራጮች እንዳየች፣ ለመናገር ግን ጥቂት ቀን እንደሚያስፈልጋት አስረዳች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» አሉ ኃላፊው፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ» አለች።

ፕሮፌሰሩ የቀን መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ ማመልከቻው የሚገባበትን ቀን ፈልገው በጣታቸው ያዙት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው በዝግታ፣ እኔ በቃለ ጉባኤ እንዳልይዘው በሚመስል ድምፅ፣ «አንድ ሳምንት ብትዘገይ ምን ይመስልዎታል?» አሉ።